የእንዳልክ በቀቀኖች

ለውድ እህቴ ለአልጣሽ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? ጋሽ ተገኝስ ሳሉ ተሻላቸው? ማቲና ኑኃሚንስ ይታዘዙሻል? የእማዬ ደም ብዛትስ? ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ጸበል ይበቃኛል እያለች ትራስ ሥር ትደብቃለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር። መለስኩት። ደህና አይደለሁም፣ አልጣሽዬ።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳታነቢላት። በርሽን ዘግተሽ ለብቻሽ አንብቢው። ፖስታውን ይዛልሽ የምትመጣውን ትርፌን ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። ፖስታው ውስጥ ሌላ ሰማያዊ ወረቀት አለ፤ ለእማዬ የሚነበበው እሱ ነው። እዚያ ላይ ስለ በረዶው፣ ስለ ሔርሜላ ትምህርት ቤት፣ ባሕር ተሻግሬ ስላየኋቸው ወፎች ጽፌያለሁ። ውሸት የለበትም፣ የጎደለ ነገር ነው ያለበት። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ቀድማ የምታነሳው እሷ ስለሆነች ነው። ባለፈው እሁድ እንኳ "ምነው ድምፅሽ?" ስትለኝ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቶሎ ዘጋሁት።

እንዳልክ ያለበትን አገኘሁ። ያለበትን ስልሽ... እንዴት አድርጌ ልጻፈው እህቴ? ወንድማችን የለም። ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል።

እስቲ ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ተስፋዬ የሚባል ሰው አለ። እዚሁ ኦሮራ፣ ከእኛ አፓርትመንት ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖረው። ጴንጤ ነው። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለው ያበሻ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ያድላል። አምስት ዓመት ሙሉ "እህቴ፣ አንድ ደቂቃ" ባለኝ ቁጥር አንዴ ስልክ እንደያዘ ሰው፣ አንዴ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው እየሆንኩ ስሸሸው ኖሬያለሁ። ታውቂኝ የለ፣ እኔ ፊቴን አንዴ ካዞርኩ አዞርኩ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን ሱቁ ውስጥ የጤፍ ከረጢት ከሚያወርደው ሜክሲኳዊ ጋር ስፓኒሹን እንደ ውሃ ሲያንቆረቁረው ሰማሁት። የት ተማርከው አልኩት። ኩባ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ ሄጄ አለኝ። የወንድማችንን ስም ከነአባታችን ስም ስጠራለት የያዘው ወረቀት ሁሉ ከእጁ ወደቀ። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር አለኝ።

እሱ በሰማንያ ስምንት ከኩባ ወጣ፤ እንዳልክ እዚያው፣ የወጣቶች ደሴት በሚሏት ትንሽ ደሴት ላይ ቀረ። የዱር እንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ሥራ ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም አለኝ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ለእናቱ ስንት ደብዳቤ ጻፈ፣ መልስ ሲያጣ ግን ተወው አለኝ። እኛ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐረር ከካምፑ ውጡ ተብለን ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ወደ ናዝሬት ስንሰደድ ነበር። የሟች ወታደር ሚስት ናት ብሎ የራራላት ማን ነበር? ደብዳቤዎቹ የሄዱት እኛ ወደሌለንበት ቤት ነው። እሱ ረሱኝ አለ፣ እኛ ረሳን አልን።

ከዚህ ወደ ኩባ በቀጥታ አይኬድም፤ በሜክሲኮ ዞሬ ነው የሄድኩት። ይህን ለሰው አታውሪ። አሮጊቶች ከምጦርበት ነርሲንግ ሆም የአንድ ሳምንት ኦፍ ለምኜ አገኘሁ፤ መንገዱ በልቶት ለደሴቲቱ የተረፈችኝ አንዲት ቀን ናት፤ ጠዋት ገብቼ ማታ መውጣት። ተስፋዬ የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገሮችን በአማርኛ ፊደል፣ ከሥራቸውም በላቲን ፊደል ጻፈልኝ። እኔ የእንዳልክ እህት ነኝ። እባካችሁ ጥሩልኝ። ከሥራ ስንት ሰዓት ይወጣል? እናታችን በሕይወት አለች። አውቶቡስ ላይ ስደጋግማቸው ሰው አበደች ሳይለኝ አልቀረም። ሦስት ሳምንት እንደ ውዳሴ ማርያም አጠናኋቸው።

አውሮፕላኑ ውስጥ የሰባ አንዱን ጠዋት ሳስብ ሄድኩ። መቼም አትረሺውም። ኦጋዴን አባታቸው የሞተባቸውን ልጆች ሊወስድ አውቶቡሱ ቆሞ፣ እማዬ የአዲሱን ሸሚዝ ቁልፍ ስትቆልፍለት እሱ ጎማ ሊቆጥር ሲዞርባት፣ ጆሮውን ያዝ አድርጋ "አንተ ቀዥቃዣ! ረጋ በል እስቲ!" ያለችውን። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ፣ ልጆቹ ተግተልትለው ገቡ፣ ሳትስመው ሄደ። ልጄን ሰድቤ ሸኘሁት እያለች ሃያ ሰባት ዓመት ራሷን በላች። የነፍስ አባቷ ኃጢአት የለብሽም ቢሏትም እሺ አላለች። ቤቷ ውስጥ ልጅ ቀዥቃዣ ሲባል ከሰማች ተነስታ ትወጣለች። ማቲን እንደዚያ ብዬ አንድ ሳምንት የኮረፈችኝን አስታውሺ።

እንግዲህ መጠበቂያው በር ላይ ደረስኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ልጀምር አፌን ስከፍት ፊቴን አዩኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ እጃቸውን አነሱና በደስታ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ቀዥቃዣ!"

አልጣሽ፣ ልቤ ልትወጣ! አለ አልኩ። ወንድሜ አለ፣ እዚህ ውስጥ ነው፣ ይህን ቃል ከእሱ በቀር ከየት ያመጡታል? አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው። ሰውዬው እጄን ይዘው አስገቡኝ። አዞዎቹ ኩሬ ዳር ግንድ መስለው ተኝተዋል፣ እግራቸው የረዘመ ሮዝ ወፎች ውሃ ውስጥ ቆመዋል። እኔ ምኑንም አላየሁም፣ ከየጥጉ የሚወጣውን ሰው ፊት ነው የማየው። መንገድ የምትጠርግ ሴት ቀና ብላ "ቀዥቃዣ!" አለችኝ። ባልዲ የያዘ ሰውም እንደዚያው አለኝ። እኔም እየሳቅኩ እመልሳለሁ። እንደዚያ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ለቱሪስት እንግሊዝኛ የምታስረዳ ዮላንዳ የምትባል ሴት ዘንድ አደረሱኝ። እሷ አልሳቀችም። ወረቀቴን ዘረጋሁና ማንበብ ጀመርኩ። "ጥሩልኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ቀስ ብላ ተቀበለችኝ፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ እናታችን በሕይወት አለች የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ፣ አጥፋ መለሰችልኝ። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ልቡ ነው አለች፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር ሰባት ቀን ዘጠና አምስት መሆኑ ነው፣ ጠዋት ለወፎቹ ፍሬ እየከተፈ ሳለ ወደቀ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ የቀበሩት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው።

መርዶ እንደዚያ ይነገራል? በቁም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘመድ አጠገብሽ ሳይኖር? እኛ አገር ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ከኋላ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ጮህኩ። ደረቴን ደቃሁ። መሬት ተዘረርኩ። ቱሪስቶቹ ከበቡኝ፣ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። ከመሃላቸው አንዲት ፀጉሯ ነጭ የሆነ የካናዳ ሴት በነጭ ሱሪዋ አፈሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ትከሻዬን ያዘችልኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። እግዚአብሔር ይስጣት።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢ። ስረጋጋ ዮላንዳ ወደ እሱ ሥራ ቦታ ወሰደችኝ። በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቤት ነው። እንዳልክ ያስታምም የነበረው በቀቀኖችን ነው፤ ሰው ከጫካ ይዞ በየቤቱ ክንፋቸውን የቆረጣቸውን፣ የቆሰሉትን። የዳኑትን ይለቃቸዋል፣ መብረር ያቃታቸው እዚያው ይኖራሉ። በሩ ሲከፈት አንዱ አረንጓዴ በቀቀን ሽቦውን ተንጠላጥሎ ጮኸ። "ቀዥቃዣ! ረጋ በል እስ...ቲ!"

የእማዬ ድምፅ ነበር። የእንዳልክ አይደለም፤ የእማዬ፣ የያኔው፣ ጥርሷ ሳይወልቅ የነበራት፣ መጨረሻው ላይ የምትጎትተው እንኳ ሳይቀር። አንዱ ሲል ሌሎቹ ተቀበሉት። ቤቱ በሙሉ እማዬ ሆነ። እኔ ሽቦውን ይዤ ቆምኩ፤ ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ።

ዮላንዳ ስትነግረኝ፣ የቆሰለ ወፍ ክንፉን ሲያስርለት ሲንፈራገጥበት እንደዚያ እያለ ያባብለው ነበር፤ ወፎቹም ከእሱ ለመዱት፣ ሠራተኞቹም ከወፎቹ። ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁት፣ እናቴ ሸሚዜን ስትቆልፍልኝ የምትለኝ ነው ይላቸው ነበር። ሌላ ምንም አላላቸውም። እነሱም የእኛ አገር ሰው ሲዋደድ የሚባባለው ሰላምታ መስሏቸው ዛሬም ጠዋት ጠዋት እርስ በርስ ይባባሉታል። እንደዚያ ነው ወይ ትርጉሙ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ እንደዚያ ነው አልኳት። ስድብ ነው ብዬ አልነገርኳትም።

ወደ አውሮፕላኑ ስሄድ መቃብሩ ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ አቆሙልኝ። ከሲሚንቶ ነው፣ ስሙን አሳስተው ጽፈውታል። ሻማ እንኳ አልያዝኩም፤ ለሕያው ሰው ነበር የተዘጋጀሁት።

እህቴ፣ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። እንዳልክ ሲሞት ተስፋዬ ኦሮራ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለት ዓመት! ሱቁ በር ላይ አንዲት ደቂቃ ብቆምለት፣ አገርህ ወዴት ነው፣ በየት አለፍክ ብለው፣ ወንድሜን በሕይወቱ አገኘው ነበር። ጴንጤ ነው ብዬ። የእግዜር ሰላምታ ነፍጌው። ይህን ለተስፋዬ ስነግረው ተይ፣ እንዲህ አትበይ ብሎ እሱ ራሱ ከእኔ ብሶ አለቀሰ። እማዬ ባንዲት ቃል ሃያ ሰባት ዓመት ስትቃጠል አይገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ።

እዚህ ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ኦሮራ የተሰማ ነገር በማግሥቱ ናዝሬት ይደርሳል፣ ለእማዬ በስልክ እንዳያረዷት ብዬ አፌን ዘጋሁ። የሚያውቁት ባለቤቴ ኃይሌና ተስፋዬ ብቻ ናቸው። ጥቁር አልለበስኩም። አሮጊቶቼን እያጠብኩ፣ እያበላሁ እውላለሁ፣ ሲብስብኝ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። ሔርሜላ የሆነ ነገር ሸቷታል፤ በእንግሊዝኛዋ፣ ማሚ፣ አጎቴ ጥሩ ሰው ነበር? ብላ ጠየቀችኝ። ነበር ስትል ደነገጥኩ፤ ማንም አልነገራትም።

ስለዚህ እባክሽ ቶሎ ገላግይኝ፤ ግን ባግባቡ ይሁን። አሁን ሁዳዴ ነው፣ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ በባዶ ሆዷ አይሆንም። ፋሲካን ታክብር፣ ዳግማይ ትንሣኤም ይለፍ። የነፍስ አባቷና የእድሩ ሽማግሎች ማልደው እንዲመጡ አድርጊ። ቀደም ብለሽ ክኒኗን ስጫት፣ ትንሽ ነገር አቅምሻት። አንቺ ከኋላዋ ሁኚ። እንደ እኔ መሬት እንዳትወድቅ።

የሦስቱ ቀን ልቅሶ ሲያበቃ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ብቻዋን አስቀምጠሽ የወፎቹን ነገር ንገሪያት። ቃሉን ሳትፈሪ ጥሪላት። ልጅሽ አልተቀየመሽም በያት። በዚያች ቃል የቆሰለ ሲያባብል ኖሮ ነው የሞተው በያት። ካላመነችሽ እህቴ በጆሮዋ ሰምታለች በያት፤ እኔው መጥቼ እምላለሁ፣ ለሰኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ለጋሽ ተገኝ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ማቲንና ኑኃሚንን ዓይን ዓይናቸውን ሳሚልኝ፤ ማቲን ስለዚያ ነገር ይቅር በለኝ ብላሃለች በይልኝ። ጎረቤቶቻችንን አንድ ሳታስቀሪ ሰላም በይልኝ። እማዬን ጉንጯንም ግንባሯንም ጉልበቷንም ሳሚልኝ። ኃይሌና ሔርሜላም ሰላም ብለዋችኋል። ከዚህ ቀጥሎ ሁልጊዜ የምጽፈውን ታውቂዋለሽ፤ "ለእንዳልክም ካለበት ይድረሰው"። እሱ ካልተነበበላት እማዬ ደብዳቤው አላለቀም ትላለች። ሰማያዊው ወረቀት ላይ እንደ ወትሮው ጽፌዋለሁ፣ ድምፅሽ ሳይሰበር አንብቢላት። እዚህኛው ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እህትሽ ሠርካዲስ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መጋቢት 17 ቀን 1998 ዓ.ም.