ሐሙስ ሐሙስ ወደ ፍኖተ ሰላም

ቡሬ፣ ጥር 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ እታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹስ ደኅና ናቸው? ገበዝ ማርያም ላይ ጥምቀት በሰላም አለፈ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን «ደኅና ነኝ» ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም፤ የእውነቴን ነው።

ደብዳቤውን ልጆቹን አታስነብቢያቸው። ጊዜ ቢፈጅም ራስሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ወሬው ወደ ድንቹና ወደ ዝናቡ ይሄድብኛል።

አምና ሐምሌ የሆነውን ታውቂያለሽ። ከገጠር ወላድ ጭኜ ስመጣ አምቡላንሷ ጭቃ ውስጥ ሰምጣ ቀረች። ገበሬዎቹ ወጥተው ገፍተው እስኪያወጡን ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሰብሊ ትባል ነበር። ልጇን እዚያው መኪናው ውስጥ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ፤ ጤና ጣቢያው ሳንደርስ አረፈች። ማንም አልወቀሰኝም። ባሏም ቀብሩ ላይ አቅፎኝ ነው ያለቀሰው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ መሪ ስጨብጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጠበል ይዘሽኝ ሄድሽ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ልቤ ረግቶ ነበር። ተመልሼ መኪናዋን ሳያት ግን ያው ሆነብኝ። ንብረት ክፍል እንድቀመጥ አደረጉኝ። አንቺን «እየነዳሁ ነው» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

በድብቅ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ጻፈና ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑን አላማም፣ እንቅልፍ ሰጥቶኛል። የልቤን ግን ለማን ልናገር? ቀጥሎ ደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት አማካሪ አለ ተባልኩ። ደግ ልጅ ነው። ግን ስለ ደሙ ማውራት ስጀምር «ወንድሜ፣ ፖዚቲቭ አስብ» እያለ ወሬ ይለውጥብኛል። አንድ ቀን ጨክኜ ሁሉንም ስነግረው እሱ አለቀሰና አባብዬው ወጣሁ!

ሁለቱም አልሆን ሲሉኝ ጥፋቱ የኔ መሰለኝ፤ የማልድን ሰው ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ያልተወችኝ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ንግሥቴ ናት። «ከሁለት ሰው አልተስማማህም ማለት እኮ አትድንም ማለት አይደለም። ፍኖተ ሰላም አንዲት ነርስ አሉ፤ እሳቸውን ሞክር» አለችኝ።

ሲስተር ዓባይነሽ ይባላሉ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ የአእምሮ ሕክምና የተማሩ ናቸው። ገብቼ ስቀመጥ በሩ ሲዘጋ ላብ አጠመቀኝ። ተነሥተው ገርበብ አደረጉት። ከዚያም ስለ ሕመሜ አልጠየቁኝም፤ «ያን ቀን በየት በኩል ነበር የመጣችሁት?» አሉኝ። መንገዱን ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው ለክትባት በበቅሎ ተመላልሰውበታል። ወንዙን ስጠራላቸው «ከመሻገሪያው በላይ ያለችው ዳገት አይደል?» አሉ። ያን ጊዜ ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ወረደልኝ።

ስወጣ ምን አሉኝ መሰለሽ፦ «ሦስት ጊዜ ና። ካልተስማማሁህ ንገረኝ፤ አልቀየምህም፣ ሌላ ሰው እፈልግልሃለሁ።» ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጠበሉን ልተው ወይ ብላቸው ደግሞ «ለምን ትተዋለህ? እኔም እሄዳለሁ» ብለው ሳቁ። ሐሙስ ሐሙስ «ስብሰባ አለኝ» የምልሽ እሳቸው ዘንድ ስሄድ ነው።

ሁልጊዜ አልተመቹኝም። በአምስተኛው ሐሙስ «ስለ ሟቿ ብዙ አትነግረኝም፤ ደጋግመህ የምትነግረኝ ስለ ሕፃኑ ልቅሶ ነው። ለምን ይሆን?» አሉኝ። ተቆጥቼ ጥያቸው ወጣሁ። መናኸሪያ ደርሼ አውቶቡሱ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ወርጄ ተመለስኩ። እዚያው ወንበራቸው ላይ አገኘኋቸው።

እታለሜ፣ የእናታችን ሙት ዓመት ኅዳር መድኃኔ ዓለም ነው። እኔ ክርስትና የተነሣሁት በዚያው ዓመት ጥር ሥላሴ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ሲስተር ፊት ቁጭ ብዬ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩት፤ እኔ የተወለድኩበትና እሷ የሞተችበት ቀን አንድ ነው።

«በትኩሳት ነው የሞተችው» ስትይኝ የኖርሽው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። አልተቀየምኩሽም። ብዙ አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን ቀለለኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ወደ መኪናዬ ተመልሻለሁ። በጥምቀት ማግስት አንዲት ወላድ ሆስፒታል አደረስኩ፤ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ነዳሁ ግን። መንታ ወለደች፣ ሦስቱም ደኅና ናቸው።

ባለፈው ሲስተር «እናትህ ስትሞት እህትህ ስንት ዓመቷ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ዘጠኝ አልኳቸው። «ቤት ውስጥ ነበረች?» አላውቅም አልኩ። «እሷስ ለማን ተናግራ ታውቃለች?» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። ብትመጪ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። ለእኔ ብለሽ ግን አትምጪ። ሲስተር ላይመቹሽም ይችላሉ፤ ያኔ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። የለም፣ ለባዳ አልናገርም ካልሽ ደግሞ እኔ አለሁ፤ አሁን መስማት እችላለሁ።

መድኃኔ ዓለም ቤትሽን በጤና ይሙላልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው
ወንድምሽ