በደንበኞቼ ኪስ ውስጥ ስለተሰቀለው ቢልቦርድ

ለተከበሩ አቶ አስመላሽ
የወረዳችን የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ማኅተምዎ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የቢሮዎን ደረጃ በመውጣትና በመውረድ ጉልበቴን ትንሽ ከሚያመኝ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የሺሃረግ እባላለሁ፤ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ትንሽ ምሳ ቤት ባለቤት ነኝ። ደንበኞቼ የቢሮ ሰዎች ስለሆኑና የምሳ ሰዓታቸው ስለሚያጥርባቸው፣ የዕለቱን ምግብ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። አላላኩንም አስቤበታለሁ። ባንክ የሚሠራው ሊካሳ ከጎተራ በአውቶቡስ ቆሞ ሲመጣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ በሌላኛው አውራ ጣት ነው የሚያነበኝ። ስለዚህ ፎቶው ካርዱን እንዳይበላበት አሳንሼ፣ የምግቡን ስም ከላይ አድርጌ፣ ጽሑፉን ከሁለት መስመር ሳላሳልፍ መላክ ተማርኩ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ይህችን ሁለት መስመር ቢልቦርድ ብለው ስለሾሙልኝ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎችዎ ሜትር ይዘው መጥተው የስልኬን ቁመትና ወርድ ከለኩ በኋላ በምን ዓይነት ብረት ላይ እንደተሰቀለ በትሕትና ጠይቀውኛል። በእጄ እንደምይዘው ብነግራቸው ተንቀሳቃሽ ብለው መዘገቡት።

2ኛ. ሊካሳ ስልኩን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማስታወቂያዬ የወረዳውን ድንበር ስለሚሻገር የዚያኛውም ወረዳ ፈቃድ እንደሚያስፈልገኝ አስረድተውኛል። የዚያኛው ወረዳ ደግሞ በወሰኑ ውስጥ ንግድ ቤት የሌለውን ሰው አያስተናግድም። እንግዲህ ሊካሳ ወይ ስልኩን ኡራኤል አሳድሮ ይሄዳል፣ ወይ ቤት ይቀይራል፤ ነግሬዋለሁ፣ እያሰበበት ነው።

3ኛ. እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። እያንዳንዱ መልእክት አስቀድሞ በወረቀት ታትሞ ይቅረብ፣ ሲጸድቅም አንድ ፊደል ሳይቀየር በዚያው ዕለት ይለቀቅ ባሉት መሠረት የጎመን በሥጋዬን መልእክት አቀረብኩ። ማኅተም አግኝቶ የተመለሰልኝ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ባልለቀው ትእዛዝ መጣስ፣ ብለቀው ጾመኛውን ማስቀየም ሆነብኝ፤ ፈራሁና ለቀቅሁት። ከስታዲየም ድረስ በእግራቸው ይመጡ የነበሩት ጋሽ ገብረጻድቃን በጾማቸው የቀለድኩባቸው መስሏቸው እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

4ኛ. በዚህ ሳምንት ደግሞ የዚያው መልእክት ፈቃድ ጊዜው ስላለፈበት ከተሰቀለበት ቦታ ሁሉ እንዳወርደው፣ አለበለዚያ ቤቴ እንደሚታሸግ የሚገልጽ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እኔ ከራሴ ስልክ አጥፍቼዋለሁ፤ ነገር ግን ደንበኞቼ ለጓደኞቻቸው፣ ጓደኞቻቸውም ለማላውቃቸው ሰዎች እያሳቃቸው አስተላልፈውታል። ትናንት በሬ ላይ ቆሜ የገባውን ሁሉ ስልክህን ልየው እያልኩ ስለምን ውዬ፣ ግማሾቹ ሚስቶቻቸው የላኩኝ መስሏቸው ምሳቸውን ሳይበሉ ሄዱ።

ክቡር ሆይ፣ ያለችኝ ይህች ቤት ብቻ ናት፤ ወጥ ሠሪዎቼም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእሷ ነው። መልእክት ብልክ ትታሸጋለች፣ ባልልክ ሰው አይገባባትም፣ የላክሁትን ደግሞ ከሰው ኪስ መልቀም አልችልም። እውነቱን ለመናገር ጨንቆኛል። መውጫው በየትኛው መስኮት እንደሆነ ቢጠቁሙኝ በእርሱ ለመሰለፍ ዝግጁ ነኝ።

እንደ እኔ ያለችውን ተራ ነጋዴ በሜትር ለመለካት ለደከሙት ድካም ፈጣሪ እንደ ሥራዎ ይክፈልዎ እያልኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
የሺሃረግ፣ እስኪታሸግ ድረስ የምሳ ቤት ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በደብዳቤዎ ጀርባ፣ ሕገወጥ ማስታወቂያ የተሰቀለበት ቦታ ባለቤት ካላወረደው ቦታው አብሮ ይታሸጋል የሚል አንቀጽ አየሁ። የጎመን በሥጋውን መልእክት ያን ዕለት ለእርስዎም ልኬልዎት ነበር፤ ከፍተው እንዳነበቡትም ስልኬ አሳይቶኛል። እናም ራስዎን ከማሸግዎ በፊት ምሳ ብቅ ይበሉ፤ ዛሬ ሽሮ ነው፣ ይህን ግን በስልክ አልነገርኩዎትም።