ሻሼን ያስፈታኝ ቃል

ለታላቅ ወንድሜ ለኤጂሮ፣

የካኖ ሙቀትና አቧራ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ሚስትህ ኤሎሆና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ የማማም የደም ግፊት ረገብ ብሏል። ደህና ያልሆነው የእኔ ሆድ ነው። «ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ተይው» ብለህ ከላክህብኝ ወዲህ እህል አልጣመኝም። ወሬውን ከሰው አፍ ሰምተህ ነው፤ አሁን ከራሴ ስማው።

የግዛታችን የስክራብል ቡድን የሚመረጠው ቅዳሜ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ከኬሲየና ጋር ደረሰኝ፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር የሚስተር ኢድጄ የእህት ልጅ ነው። ሲመራኝ ቆየ። እኔ በፊደል ጠጠሮቼ «ኩም» የሚል ቃል ደረደርኩ፤ በተራራ ጉያ ያለ ጎድጓዳ ቦታ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድም አናባቢ የለውም። ቀጥሎ «ዛክስ»፣ የድንጋይ የጣሪያ ክዳን የሚቆረጥበት መሣሪያ። ደረስኩበት። ማብቂያው ላይ ሁለት ኤፍ ቀርተውኝ ስለነበር በሁለቱም «ቴፍ» ብዬ ዘግቼ በለጥኩት።

ኬሲየና «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» አለ። ዳኛዋ ኮምፒውተሩን አይታ «አለ» አለችው። ሚስተር ኢድጄ ግን ከመድረክ ወርዶ «እስቲ ትርጉሙን ንገሪን» አለኝ። ደንቡ ትርጉም አይጠይቅም፤ ቢሆንም ነገርኩት፦ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ጋግረው የሚበሉት ደቃቅ እህል ነው። «ካሳቫና ያም በልታ ያደገች የዋሪ ልጅ ይህን ከየት ታውቃለች? ጽፋ ደብቃ ነው!» ብሎ ሻሼን እንድፈታ አዘዘ።

ኤጂሮ፣ ያ ሁሉ ወንድ እያየኝ ፈታሁ። አንዲት ሴት ጣቷን ሹሩባዬ ውስጥ እየሰደደች በረበረችኝ፤ እንደ ገበያ ሌባ! የማስተምራቸው ልጆች በመስኮት ያያሉ። ምንም አልተገኘም። ሰውየው ሳያፍር «እንግዲያው ጨዋታው ይደገም» አይል መሰለህ!

ያኔ የአባባ ጓደኛ ፓፓ ኦሞኔ ብድግ አሉ። ቆባቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው «እኔም ብዙ ቃል አውቃለሁ፤ ፈትሸኝ!» አሉት። ሌላው ጫማውን አወለቀ፤ «ካልሲዬንም እይልኝ ጌታዬ፣ መዝገበ ቃላቱ እዚያ ይሆናል!» ሴቶቹ ሻሻቸውን ፈቱ። ጠረጴዛው በጫማና በኮፍያ ተሞላ፤ ሊቀ መንበሩ አፍንጫውን ይዞ ቆመ። በመጨረሻ ኬሲየና ራሱ «አጎቴ፣ ይብቃህ፤ አሸንፋኛለች» ብሎ ውጤቱ ላይ ፈረመ።

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» ትለኝ ይሆናል። ይቅርታ ቀረኛ! ሰውየው የቡድኑን ማልያ በሰው ላከልኝ፤ አንዲት ቃል ግን አልላከም። ማልያውን መልሼለታለሁ። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት «በድዬሻለሁ» እስኪለኝ አልለብሰውም፤ ቡድኑ ያለ እኔ ይሂድ። አንተም እኔን «ተይው» ከምትል ደውልለትና «እህቴ ማን መስላህ ነው?» በለው።

ለኤሎሆ፣ ለሩኔና ለትንሹ ኬቭዌ፣ ለአማትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ማማ ይህን ሳነብላት ምን አለች መሰለህ? «ሳይደውል ቀርቶ ለገና እመጣለሁ ቢል፣ በሩን የምከፍትለት እኔ አይደለሁም።»

ተቆጥታም የምትወድህ እህትህ፣
ኡፉኦማ

ዋሪ፣ ኦገስት 19 ቀን 2019