ከወንበሩ ግርጌ ያለው ውሻ

የካቲት 4

ዛሬ አንድ ሰውዬ የሟች ወንድማቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። መንታ ነበሩ። ከፎቶው ቀና ብዬ ሳያቸው ያው አንድ ፊት። ልዩነቱ ሟቹ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አላቸው።

«ጠባሳውን አጥፊልኝ፤ አምሮበት ይሣል» አሉ።

አጠፋለሁ አልኩ። ይህን ቃል ስናገር ስንት ዓመቴ ነው? የሙሽራዋን ድርብ አገጭ አጥፍቻለሁ። የተፈታውን ባል ከቤተሰቡ መሃል አውጥቼ በአበባ ማስቀመጫ ተክቻለሁ። ወንድሜ ፍሬም ይሠራል፤ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንሠራው። «አንቺ ላጲስ እንጂ ሠዓሊ አይደለሽም» ይለኛል። ይበል። ላጲስም ሆድ አለው።

ከሰዓት ሌላ ሥራ በስልክ መጣ። የሚጣደፍ ድምፅ ያለው ሰው። እናቱ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ቤቱ ሊሸጥና እሳቸውም እህቱ ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ፣ ሳይለቁ እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ይሣሉ ነው የሚለው። ከፎቶ አይደለም። «ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የተቆጡ ይመስላሉ።» እሺ አልኩ። ሰው ፊት ለፊት አስቀምጬ ከሣልኩ ቆይቻለሁ… እጄ ያስታውስ ይሆን?

የካቲት 7

የመጀመሪያው ቀን። ሳሎኑ ትልቅ ነው፤ ወለሉ ቀይና ነጭ ሸክላ። መስኮቱ በግራ፣ የግቢው በር በቀኝ። መሃል አረንጓዴ ባለመደገፊያ ወንበር። እማማን ልጃቸው አልብሳ፣ አበጥራ፣ አንገታቸው ላይ ጨሌ አስራ አስቀምጣቸው ሄደች።

ፊታቸው የመታወቂያ ፎቶ ሆነብኝ።

«ልሣቅ?»

«እንደፈለጉ እማማ።»

«እንደፈለግሁ ከሆነማ ጫማዬን ነው የማወልቀው።»

አወለቁ። አሁንም ምንም። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ተስፋ ቆርጬ እርሳሴን ስቀርጽ አንድ ያረጀ ቡናማ ውሻ በጓሮ በኩል ገባ። አንድ ጆሮው ጫፉ የለም። ማንንም ሳያይ መጥቶ ከወንበሩ ግርጌ ዘፍ አለ። የእማማ እጅ ወረደ። ሳያዩት ነው እጃቸው የሄደው፤ ቀጥ ብሎ በሁለቱ ጆሮዎች መሃል አረፈ። ከዚያ ዝቅ ብለው አዩት… እና ያ ፊት መጣ! ልጅም አሮጊትም የሆነ ፊት። እርሳሱን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።

ስሙ ዳኛ ነው። «ባለቤቴ ነው ያወጣለት። እኔና እሱ ስንጣላ መሃላችን ይተኛል። ለማንም አያዳላም።» ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ማዶ ያለው የሳቸው ወንበር ባዶ ነው። ዳኛ ግን መሃል መተኛቱን አልተወም።

የካቲት 11

ወስኛለሁ። ውሻው ይገባል። ያለ እሱ ያ ፊት የለም።

ችግሩ፣ ውሻ ሥዬ አላውቅም። ሰው ስሥል ከዓይን ነው የምጀምረው፤ ዳኛንም ከዓይኑ ጀመርኩ። ሲያልቅ ወንድሜ መጥቶ አየው። ከዚያ ፍሬሙን መሬት አስቀምጦ ሣቀ፣ ሣቀ…

«አጎታችን ነው እኮ! ገንዘብ ሲጠይቁት!»

እውነቱን ነው። ነጭ ሰጥቼዋለሁ። የሰው ዓይን ዳር ዳሩ ነጭ ነው፤ እጄ ያንን ለምዶ ለውሻውም ቀባው። የዳኛ ዓይን ደግሞ ጥቁር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ተናድጄ በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ጠረግሁት።

ማታ የድሮ ሥዕሎች መጽሐፌን አወጣሁ። ውሻ ሞልቶበታል፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር! የወይዘሮዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ። ከጠረጴዛው ሥር አጥንት ይዞ። ከአዳኙ ጎን። ሁሉም ጥግ ላይ ነው፣ ሁሉም አንጋጦ ጌታውን ያያል። ለራሱ የሚኖር አንድም የለም። ሠዓሊው ባዶ ቦታ ሲተርፈው የሞላበት ይመስላል። እኔስ? የአበባ ማስቀመጫዬን ረሳሁት እንዴ?

የካቲት 18

ዳኛ «እንዳትነቃነቅ» የሚባል ነገር አይገባውም። ስጀምር ይዞራል። ስጨርስ ይነሣል። አሁን ዘዴ አገኘሁ። እስኪበቃኝ አየውና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ያየሁትን እሥላለሁ። ከዚያ ዞሬ አስተያያለሁ። እማማ «የተቀጣ ተማሪ መሰልሽ» ብለው ሣቁብኝ።

ዛሬ ስለ አዲሱ ቤት አወሩ። ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍት አለው። ልጅቷ ደግ ናት፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብታላቸዋለች።

«ዳኛስ?»

«ዳኛ… መጋዘን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ይወስደዋል ብለዋል። ፎቅ ላይ ውሻ አይፈቀድም።» ወደ መስኮቱ እያዩ ነው የተናገሩት።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔ? ልጆቼ ያስቡልኛል።»

እጃቸው ግን የውሻውን አንገት ጨብጦ ነበር። ምን አገባኝ? ሥዕል ልሥል ነው የተጠራሁት። ግን ተናደድኩ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

የካቲት 23

ዓይኑ መጣ! ጥቁር፣ ላዩ ላይ አንዲት ጠብታ ብርሃን፤ ሌላ ምንም። አጎታችን ተሰናበተ።

የካቲት 25

ልጆቹ ሥዕሉን ሊያዩ እማማ ቤት መጡ። ትልቁ፣ ያ በስልክ የሚጣደፈው፣ ከነካፖርቱ ሥዕሉ ፊት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳኛ ነው።»

«እሱንማ አየሁት። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ይተኛል።»

አልሣቀም። እህቱ አፏን ያዘች። «ሰው ምን ይላል? እናታችንን ከውሻ ጋር! ሳሎን ተሰቅሎ ለእንግዳ ሊታይ… ስድብ እኮ ነው።»

«ውሻን ምን አገባው ከእርሻ» አለ ወንድሟ። «ሥዕሉ የእናቴ ነው። ያጥፉልን።»

አላጠፋም አልኩ።

ይህን ቃል አፌ አውጥቶት አያውቅም። ሰውዬው ራሱ ግራ ገባው። «ሥራዎ ማጥፋት አይደለም እንዴ? ሁሉም እንዲያ ብሎ ነው የላከን።» ስሜ ይሄ ነው ለካ!

«የተሣሉት እሳቸው ናቸው» አልኩ። «አጥፊ ካሉኝ እሳቸው ይበሉኝ።»

እርግጠኛ ነበርኩ። አይሉም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። እማማ ልጃቸውን አዩ፣ ሴቷንም አዩ፤ ዳኛን አላዩም።

«አጥፊው ልጄ። በኔ የተነሣ ለምን ትጣላላችሁ?»

የካቲት 27

ብሩሽ አልነካሁም።

ወንድሜ «የሥዕሉ ባለቤት ተናግረዋል፣ ምን ቀረሽ?» ይላል። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው ካሉ ብያለሁ፤ እሳቸው አሉ።

ከሰዓት መንታው ሰውዬ መጡ። ሥዕሉን ከወሰዱ ሳምንት አልሞላም፤ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ተመለሱ። ተበላሸ ብዬ ደነገጥሁ።

«ሰቀልኩት» አሉ። «የሚመጣው ሁሉ ‹ምነው ራስህን ሰቀልክ፣ ሳትሞት?› ይለኛል። ለገዛ ሚስቴ እንኳ እኔን መስሎ ታያት።»

ገልጠን አየነው። እውነትም እሳቸው ናቸው፤ ቁጭ። ጠባሳውን ሳጠፋ ሰውዬውን አጥፍቼው ነበር። ሁለታችንም ሣቅን፤ ከዚያ እሳቸው ሣቁን መጨረስ አቃታቸው። «መልሺልኝ በይ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እዚያው ቆመው ሳሉ ጠባሳውን መለስኩላቸው።

ሲሄዱ ገባኝ። ዳኛን ማጥፋት እችላለሁ፤ ታዝዣለሁ። የእማማን እጅና ዓይን ግን አልነካም። ያየሁት ያንን እጅና ያንን ዓይን ነው። ማታ ልጅቷ ደወለች፦ «እግረ መንገድዎን እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያድርጉላቸው፣ ዓይናቸውም ወደ ፊት ይመልከት።»

«የታዘዝኩት ውሻ ነው» አልኩ። «እጅ አልታዘዝኩም።»

እልህ ነው? ትንሽ እልህ አለበት። ይኑርበት።

መጋቢት 2

ከጅራቱ ጀመርኩ። ቀይ ሸክላ፣ ነጭ ሸክላ፣ ቀይ ሸክላ… ሆዱ ሄደ። የተቆረጠው ጆሮው ሄደ። ዓይኑ ላይ ስደርስ ብሩሹን አስቀምጬ ወጣሁ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና ሸፈንኩት።

አለቀስኩ። ለቀለም ይለቀሳል? ይለቀሳል።

መጋቢት 9

ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ እንዳይጠፋኝ።

ሥዕሉን ይዤ ስገባ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። መጋረጃው ወርዷል። ዳኛ ያረጀ ገመድ አንገቱ ላይ ታስሮለት በር ላይ ተኝቷል፤ የመጋዘኑ ሰው ከሰዓት ይመጣል ተባለ። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ገለጥኩት።

«አሁን አማረ!» አለች ልጅቷ። ከዚያ አንገቷን አዘነበለች። ትልቁም ጠጋ ብሎ አየና «እጃቸው ግን…» አለ። አልጨረሰውም።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ሸራው ላይ ያለችው ሴት ዝቅ ብላ ባዶ ወለል ታያለች። እጇ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ፍቅር አለ፤ የሚያርፍበት ግን ሸክላ ብቻ ነው።

«ምን ጠፍቶብኝ ነው?» አሉ።

ወደ ሸራው ይበልጥ ቀረቡ።

«እዚህ ወለል ላይ ምን እየፈለግሁ ነው? ቁልፍ ወድቆብኝ ነው?»

«እማዬ፣ እጅሽን ታስተካክለዋለች» አለች ልጃቸው።

«እጄ ምን ሆነ? እጄ ደህና ነው።» ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ቀሰሩ። «ፎቅ ላይ የምሆነው እንዲህ ነው፣ አይደል? ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምቀመጠው።»

ትልቁ ጣልቃ ገባ። «እማዬ፣ ለገዢው ቃል ሰጥተናል።»

«የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ገዢው ሌላ ቤት ያገኛል። እኔ ሌላ ዳኛ አላገኝም።»

«ብቻሽን ልንተውሽ?» ልጅቷ አለቀሰች። ክፉ አይደለችም፤ የምሯን ነው የፈራችው።

«ብቻዬን ነኝ ያለሽ ማነው?» ሄደው ጎንበስ አሉ፤ ወገባቸው እያመማቸው። ገመዱን ፈቱት። ዳኛ ተነሥቶ፣ ሰውነቱን አራግፎ፣ በካርቶኖቹ መሃል አልፎ የወንበሩ ግርጌ ተኛ። እማማ ተቀመጡ። እጃቸው ወረደ። ትልቁ አንድ ጊዜ ሥዕሉን፣ አንድ ጊዜ እናቱን ያያል። ብዙ ቆይቶ ካፖርቱን አወለቀና አንድ ካርቶን መፍታት ጀመረ።

«መልሺው ልጄ» አሉኝ እማማ።

መጋቢት 16

ያንኑ ልመልስ አስቤ ነበር። ሸራው ፊት ስቆም ግን ልቤ እንቢ አለ። የመጀመሪያው ዳኛ አንጋጦ እሳቸውን ያይ ነበር… እንደ መጽሐፉ ውሾች! እኔም እንደ ሌላው ጌጥ አድርጌው ነበር ማለት ነው። የእውነቱ ዳኛ እንዲያ አያይም። ከእግራቸው ሥር ተኝቶ በሩን ነው የሚያየው። የራሱ ጉዳይ አለው። እሳቸው እሱን ያያሉ፣ እሱ በሩን ይጠብቃል።

እንደዚያ ሣልኩት። ወንድሜ አይቶ ፍሬሙን ሳያስቀምጥ ብዙ ቆመ። «ልግባ ወይስ ይነክሰኛል?» አለ።

ሚያዝያ 3

ዛሬ ተሰቀለ። የሰቀለው ትልቁ ልጅ ራሱ ነው፤ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ግራ ቀኝ እያለ ሦስት ጊዜ አስተካከለው። በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ያድራል፤ እህቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ። ለእንግዳ የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። «ይሄ ዳኛ ነው» ይላል፣ ከእናቱ በፊት። ሰው ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም።

ጠዋት አንዲት ሴት ደውላ ባሏን ከነመላጣው እንዳልሥለው ለመነችኝ። «መላጣውን ካልወደዱት ሌላ ሠዓሊ ይፈልጉ» አልኳት። ሣቀች። ነገ ይዛው ትመጣለች፣ ከነመላጣው።

ልወጣ ስል እማማ ጠሩኝ። አዲስ ሸራ መወጠሬን ወንድሜ ፍሬሙን ሲያመጣ ነግሯቸዋል፤ አፉ አያርፍም።

«አሁን ደግሞ ማንን ልትሥይ ነው?»

«ዳኛን። ብቻውን። መሃል ላይ።»

ዳኛን አዩት። ከጆሮዎቹ መሃል እጃቸውን ሳያነሡ ትንሽ አሰቡ።

«ቦታ ከተረፈሽ» አሉ፣ «ጥግ ላይ እጄን አስገቢልኝ።»