የኋላ ግራ ጎማ

ይድረስ ለፈንታዬ፤

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና መልሱን ማን ያመጣልኛል ብዬ ተውኩት። እኔ ደኅና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ ወረቀት ይዣለሁ። ትናንት ያየሁት ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። ያቺን ዓርብ ታስታውሳለህ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ሳትመለስ ያደርክባትን። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትከነክነኝ ኖራ ትናንት መልሷን አገኘሁ።

ግን ከቤቱ ወሬ ልጀምር፤ ከመንገድ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሁለቱ ተቆርጠው ለአጥር ሆኑ። ልጃችን ሰላም ባሕር ዳር ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ስልክ ስትደውል አሁንም አባዬስ ልትል ትጀምርና ትመልሰዋለች። እኔ ያው አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የጭነት መኪናህ ግን ግቢው ውስጥ ቆሞ ከረመ። ዶሮዎቹ ከሥሩ እንቁላል መጣል ጀመሩ፣ እኔም በጎኑ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ሽጪው ያላለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ቆርጬ ጋቢናውን ልጠርግ ገባሁ፤ ያ የምትደገፈው ትራስ የጀርባህን ቅርጽ እንደያዘ አለ። ወጥቼ በሩን ዘጋሁት፣ የሽያጩም ነገር በዚያው ቀረ።

አሁን ወንድምህ ደጉ ልንዳው ብሎ ጠየቀኝ። መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ቆይቷል፣ እጁም ደኅና ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ የአርብ ገበያን መንገድ ቁልቁለት አውቀዋለሁ። ጎማው ሁሉ ተፈቶ፣ ፍሬኑና ኩሽኔታው ታይቶ፣ ያረጀው ካልተቀየረ ቁልፉን አልሰጥህም አልኩት። ሰው አይታመንም ብዬ ቁልፉን የዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅሁት።

ያቺ ዓርብ እንዴት እንደነበረች በእኔ በኩል ልንገርህ፤ በአንተ በኩል ብቻ ነው የምታውቃት። ገብስና ባቄላ ልትጭን በማለዳ ወጣህ፣ ማታ እመለሳለሁ ብለህ። አልመጣህም። ስልክህ አይሠራም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መኪናህ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ እያንጎራጎረ መጣ። አንተ ወረድክ፤ ፊትህ አመድ መስሏል፣ ሱሪህን በጭነት ገመድ ቁራጭ ታጥቀኸዋል። ሰላም የገዛችልህ ያ ቡናማ የቆዳ ቀበቶ የለም። የት ሄደ ብልህ "ጎማው በላው" አልከኝ።

እስቲ አሁን በእኔ ቦታ ሁን። ፍየል ቀበቶ ሲበላ አይቻለሁ፤ ጎማ ሲበላ አላየሁም። ተበላሽቶብኝ ሜዳ ላይ አደርኩ ትላለህ፣ መኪናው ግን በገዛ እግሩ መጥቷል። እያሾፍክብኝ መሰለኝ። እህቴ ሙሉ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለችኝና ስማዳ ውስጥ ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴት አለች የሚል ወሬ ጨመረችልኝ። ስም የላት፣ መልክ የላት፣ እኔ ግን ሙሉ ሴት አድርጌ ሠራኋት፤ ጥርሷ ፍንጭት እንደሆነ ሁሉ አውቅ ነበር። ለንስሐ አባታችን ሳይቀር ባሌ ከደጅ ወዳጅ ይዟል ብዬ ነገርኩ። እሳቸውም ታገሺ አሉኝ። እኔ የታገሥኩህ መስሎኝ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ እራትህን አቅርቤ ጀርባዬን ስሰጥህ አልተቆጣህም። "እንግዲህ መኪናው ይመስክርልኝ" ብለህ ተውከው። ከዚያ በኋላ ስቀናል፣ ሰላምን አስመርቀን ዩኒቨርሲቲ ልከናል፣ ቤተ ልሔም ገዳም ለንግሥ አብረን ሄደናል። ነገሩ ግን ከሥር ነበር። በመጨረሻዋ ሳምንትህ፣ ሕመሙ ሲጠናብህ፣ እጅህን ይዤ ልጠይቅህ አፌ ድረስ መጣ። እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም ብዬ ዋጥኩት።

ትናንት መካኒኩ አሰፋ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤት መጣ። መኪናው ወደ ጋራዥ መሄድ አልቻለም፤ ክረምቱን ቆሞ ስለከረመ የፍሬኑ ሸራ ዝጎ ከታምቡሩ ጋር ተጣብቋል። ትምህርት የለም፣ እኔም በርጩማዬን አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠያቂነቴን ታውቃለህ። "አንቺ ጥያቄ ትወጃለሽ፣ መልስ ግን አታምኚም" ትለኝ ነበር። አሰፋ ያንን ስላላወቀ በትዕግሥት ይመልስልኛል።

መጀመሪያ በማይፈቱት ጎማዎች ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ያስደግፋል። ከዚያ በክሪክ ያነሣና ጎማውን ይፈታል። ጎማው ሲወጣ ድስት የሚያክል ብረት ይቀራል፣ ታምቡር የሚሉት እሱ ነው። በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ መታው፤ ለምን በአንድ ጊዜ አትመታውም ስለው ይሰነጠቃል አለኝ። ታምቡሩ ሲወጣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች ላይ የተለበጠ ሸራ አለ። ፍሬን ስትረግጥ ለካ ይህ ሸራ ነው ወደ ውጭ ተገፍቶ ታምቡሩን የሚይዘው። እኔ ስንት ዓመት የሾፌር ሚስት ሆኜ ፍሬን ማለት እግርህ ሥር ያለው ብረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሸራው ከማለቁ የተነሣ የያዘው ምስማር ራስ ብቅ ብሎ ታምቡሩን ቦይ አውጥቶበታል። ይህስ ይሠራል ወይ ስለው ወረቀት የመሰለውን ሸራ በጣቱ እየነካ ሣቀብኝ። አዲስ ሸራ ለሁሉም አዘዝን።

ኩሽኔታው ደግሞ ከሁሉ ገረመኝ። ያ ሁሉ ጭነት የሚሽከረከረው ጣት በማያካክሉ ትንንሽ ብረቶች ላይ ነው። አሰፋ በናፍጣ አጠበው፣ ጆሮው ሥር አስጠግቶ አሽከረከረው፣ ለእኔም ሰጠኝ። ደኅናው ዝም ይላል፣ ያለቀው አሸዋ እንደያዘ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። አዲሱን ግራሶ መሙላት እኔ ልሞክር ብዬ ለመንኩት። ግራሶውን፣ ያን ወፍራም ቅባት፣ መዳፍህ ላይ ታደርግና ኩሽኔታውን ከጠርዙ ትጫነዋለህ፣ በወዲያ በኩል ብቅ እስኪል። ሁለቱን ሞላሁ። እጄን ሦስቴ ታጥቤ ዛሬም ቅዳሴ ላይ ይሸተኝ ነበር፤ አንተ አንተ የሚል ሽታ ነው። መልሶ ሲገጥም ደግሞ ቡሎኑን አጥብቆ ያስርና ትንሽ ይመልሰዋል። ለምን ስለው፣ በጣም የጠበቀ ይቃጠላል፣ የላላም ይዋልላል አለኝ። ይህን ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ የለም።

ሦስቱ አለቁና ወደ ኋላ ግራ ጎማ ዞርን።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ለንግሥ ቤተ ልሔም ስንሄድ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ፤ በቆምክበት ሁሉ ወርደህ የእጅህን ጀርባ የኋላው ግራ ጎማ መሐል ላይ ታስነካው ነበር። ሌሎቹን አትነካም። ደጀ ሰላም እንደሚሳለም ሰው ነበር የምትሆነው። ምንድን ነው ብልህ "ትኩሳቱን እያየሁ ነው" አልከኝ። ያንንም ሹፈት ነው አልኩ። ለአሰፋ ነገርኩት። የሞቀ ጎማ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው እየሞተ ነው፣ ደኅና ሾፌር በእጁ ያውቀዋል አለኝ። አንዱን ብቻ የሚዳስሰው ለምንድን ነው ስለው ግን መፍቻውን አነሣ። የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። "እትዬ ጥሩ፣ ጠጋ ይበሉ፣ ይቺን እርስዎ እያዩ ነው የምፈታት" አለኝ።

ታምቡሩን አወጣ፣ ኩሽኔታውን አወጣ። ከበስተኋላ ግራሶው ወደ ሸራው እንዳያልፍ የሚከለክል የላስቲክ ቀለበት ይኖራል፤ የሌሎቹን አይቻለሁና አውቀዋለሁ። በዚህኛው ውስጥ ላስቲክ የለም። በቢላዋ ተቆርጦ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ፣ በግራሶ የጠቆረ ቆዳ ነው ያለው። አሰፋ በናፍጣ አጥቦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከቆዳው ጠርዝ ሰላም በጋለ ብረት ያስጻፈችው የስምህ መጀመሪያ ፊደል አለ፤ ፈ።

ፈንታዬ፣ ጎማው ቀበቶህን በልቶታል።

አሰፋ ያን ጊዜ ከአንተ የሰማውን ሁሉ ነገረኝ። ዓርብ ማታ ቁልቁለቱ ላይ ያ ላስቲክ ተቀዶ ግራሶው ሸራውን አለበሰው፣ ፍሬን ስትረግጥ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትህ ጀመር። ብቻህን፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ፣ ሜዳ ላይ ጎማውን ፈትተህ፣ ሸራውን በናፍጣና በአፈር አሽተህ፣ ቀበቶህን ቆርጠህ ዘጋኸው። እንዲህ የሚያደርግ ብልኃተኛ ነው፣ በማግሥቱ ካልቀየረው ግን ጅል ነው አለኝ አሰፋ፤ ይቅርታ አድርግለት፣ እሱም ወዶህ ነው። ሊቀይርልህ ስንቴ ለምኖሃል። አንተ ግን "ይቺ ጎማ ጥሩዬ ሳታይ አትፈታም" ብለኸዋል። ቆዳ ስንት ቀን ይቆማል ሲልህ እጄ ይጠብቀዋል አልከው።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ያልኩት። አንድ ቅዳሜ "ነይ፣ ጋራዥ አብረን እንሂድ፣ የማሳይሽ አለ" ብለኸኝ ነበር። ነጠላዬን ቅባት ላስነካልህ ነው ወይ ብዬ ሣቅሁብህ። ደግመህ ጠየቅኸኝ፣ ደግሜ እምቢ አልኩ። ሦስተኛ አልጠየቅኸኝም።

ልቆጣህም አማረኝ። እኔ እንዳምንህ ብለህ ሁለት ዓመት በቀበቶ ቁራጭ ያንን ቁልቁለት ትወርዳለህ? ጎማው ቢያዝ፣ ገደል ብትገባስ፣ ለማን ነበር የሚመሰክረው? ግትር ነበርክ። እኔ ደግሞ ከአንተ የባስኩ ግትር ነኝ፤ በርጩማ ይዤ አንድ ቅዳሜ ብመጣ የሚያልቀውን ነገር ከአልጋህ እስከ መቃብርህ ይዤው ሄድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ ግን ዘግይቶ ነጋ። ትናንት አሰፋ ፊት አለቀስኩ፤ ሰውዬው ደንግጦ በግራሶ እጁ ሶፍት ይፈልግልኛል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባታችንን ቆይቼ አገኘኋቸው። ባሌን በሐሰት ከሰስኩት አልኳቸው። ቆዳውን አሳየኋቸው፣ ፊደሉን አነበቡት። ከዚያ ጎማ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ጠየቁኝ፤ እኔም መሬት ላይ በጣቴ ታምቡሩንና ኩሽኔታውን ስዬ አስረዳኋቸው። ለሙሉም ነግሬያታለሁ። አንገቷን ደፋች፣ ወሬውን ከማን እንደሰማችው አታስታውስም። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰዉ በተሰበሰበበት አወራዋለሁ። ስምህን ያነሣሁት በሰው ፊት ነው፣ የማጠራውም በሰው ፊት ነው። የቆዳውን ቀለበት ከፎቶህ ሥር አንጠልጥዬዋለሁ፤ እጄን አሳልፌ ብሞክረው እስከ ክርኔ ይገባል።

አሰፋ አዲስ ሸራ፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ላስቲክ ገጥሞ ጨርሷል። ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩት፣ ድምፅ የለውም። ለደጉ ቁልፉን ከነዱቄቱ ሰጠሁት። ዓርብ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከእሱ ጋር ወደ አርብ ገበያ እወርዳለሁ። መኪናው በቆመበት ሁሉ ወርጄ የእጄን ጀርባ የኋላ ግራ ጎማ ላይ አስነካለሁ። አዲስ ነው፣ አያስፈልገውም ብሎኛል አሰፋ። እኔም አምኜዋለሁ። ግን አስነካዋለሁ፣ በሄድኩ ቁጥር፣ እስከምንገናኝ ድረስ።

ጥሩዬህ