አልባሪኞ በሰላጣ ላይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜይ 6 ቀን 2025

ለወይን ገበሬው ለሲላስ፤ ደብዳቤ ሲጀመር “ውድ ወንድሜ” ይባላል አሉ፤ እንግዲህ፣ ውድ።

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። ስልኬን ብሎክ ላደረገ ሰው ሰላምታ የለኝም። በስምህ ፒዛ አዝዤ እርሻው ድረስ ስላስላክሁብህ ብቻ! ይኸው በወረቀት መጣሁብህ፤ ብሎክ አድርገኝ እስቲ።

ካርቶንህ ደርሷል። ለእህትህ ሠርግ እመጣለሁ በማለት ፈንታ የወይን ጠጅ ላክህ። በጴንጤ ቤት! ሙሽራዋ ሮሆቦት ከፍታ አየችውና፣ “ሙሽራው ሲመጣ በር ይዞ የሚያስለምንልኝ ጠርሙሱ ነው?” ብላ መኝታ ቤቷ ገባች። አለቀሰች አልልህም፤ ደስ እንዳይልህ።

ካርዱ ላይ ደግሞ ሌክቸር ሰጥተኸናል። አልባሪኞ የሚባለው ወይን ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፤ የቨርጂኒያ ዝናብ ሌላውን ሲያበሰብስ እሱ ይችለዋል፤ ጠጁም ጥርት ያለ፣ ሎሚ ሎሚ፣ መጨረሻው ላይ ጨው ጨው የሚል ነው። ጎበዝ! ኮሌጅ ላቋረጥኩት ለእኔ እንኳ ገባኝ። አንተ ግን አባባ አሌክሳንድሪያ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ጠርሙስ ይዘህ ስትቀዳ አይተውህ፣ በሰው ፊት “ይሄ የእኔ ልጅ አይደለም” ስላሉህ፣ በአንድ ቀን ዝናብ በስብሰህ ጠፋህ። የአንተ ልጣጭ የት ሄደ?

አሁን ያመለጠህን ስማ። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስለ ሠርጉ ሊመካከሩ ቤታችን መጡ። እማዬ አንዱን ጠርሙስ ከፍታ በጣቷ ቀመሰችው። ቀምሳ የማታውቅ ሴት! ፊቷን አጨማደደችና፣ “ምስኪን ልጄ፣ አልሆነለትም፤ ሆምጣጤ ሆኖበታል” ብላ ሰላጣው ላይ ገለበጠችው። እኔማ ሳቄን በናፕኪን አፍኜ ሳህን አዞርኩ። ጋሽ ወልደአምላክ ሁለቴ አስጨመሩ። “እህት ውባንቺ፣ ይሄ ሰላጣ የተባረከ ነው!” አሉልህ።

አባባም በሉ። ሳህኑ ላይ የቀረውን በዳቦ ጠረጉት። እንግዶቹ ሲሄዱ ኩሽና ገብተው ጠርሙሱን አዩ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ሲላስ የሠራው ነው፣ አባባ። ሰላጣው ላይ የነበረው።”

ሲንክ ውስጥ ሲደፉት ቀርጬ ላቆይልህ ስልኬን ደቅኜ ነበር። አልደፉትም። ቆመው ቆመው ክዳኑን ፈለጉና ገጠሙት፤ ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን አቆሙት። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣

“የዚያን ቀን በሩን ማን ይይዛል?” አሉ።

“እኔ።”

“አንተ ትስቃለህ። በር የሚይዝ ሰው አይስቅም።”

ይህን ብለው ሊተኙ ገቡ።

እንግዲህ ለእኔ የገባኝ ለአንተ ካልገባህ ወይንህን ቁጭ ብለህ ኮትኩት። በዚህ ወር መጨረሻ፣ የሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙሽራው ጊዲዮን እነዚያን ግዙፍ የበልትስቪል ሚዜዎቹን ይዞ ይመጣል። ብቻዬን ከቆምኩ እንደ መጋረጃ ገልጠውኝ ነው የሚገቡት፤ እህትህም ሳትለመን ትሄዳለች። ያኔ የቀሩትን ጠርሙሶች በሙሉ ሰላጣ አደርግልሃለሁ።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ “መርቀው እንጂ!” ትለኛለች። እሺ፦ ጌታ መኪናህን ወደ ሰሜን ያዙራት፤ ቤንዚኗም እስከ ደጃችን ይድረስ።

የበሩን ግራ ብቻ የያዝኩት፣
ማሙሽ