የፍሊፐሩን ሽቦ ማን ቆረጠው?

ሰኞ፣ የካቲት 6

ዛሬም ፍሊፐሩ ሞቶ ጠበቀኝ። ትናንት አንድ የላላ ሶኬት ጠበቅ ባደርግለት አምፖሎቹ ሁሉ በርተው፣ ቁጥሮቹ እየተርገበገቡ፣ እኔም እንደ ልጅ አጨብጭቤ ነበር። ዛሬ ከፋብሪካ ገብቼ ሰካሁት፤ ዝም።

ይህ ፍሊፐር የሚሉት የብይ መጫወቻ ማሽን የፋብሪካው ሠራተኞች ክበብ ንብረት ነበር። ክበቡ ሲዘጋ ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት። ባለቤቴ መኮንን የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን በነበረ ጊዜ ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ፣ ሲሠራም የሚያሸንፍበት እሱ ነበር። የብረት ብዩ ወደ ታች ሲንከባለል ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ በሁለቱ ክንፎች እየመታ ይመልሰዋል፤ ሰው ሥራውን ትቶ ከቦ ያየው ነበር። ነሐሴ ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። እግሩም ያለ ከዘራ አይሄድም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ጣቶቹን የሚያሠራ ነገር ፈልጊለት" አለችኝ። ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ልፈልግለት?

ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው፦
ሶኬት ሳይነቀል እጅ አይገባም።
ፊውዝ ከተቃጠለ መብራት የለም።
የመኮንን ቴስተር ጢጥ ካለ መስመሩ ተያይዟል፤ ዝም ካለ የሆነ ቦታ ተቋርጧል።
አለቀ።

ከፈትኩት። ፊውዙ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ወረቀቱም ነዶ ጠቁሯል። እኛ ቤት ሲጋራ የሚያጨስ የለም። ጋሽ ለገሰ ግን ያጨሳሉ። የመኮንን የልብ ጓደኛ፣ በሰቃ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ቅዳሜ እንዲያዩልኝ ጠርቻቸው ነበር። ሻይ ላፈላ ስወጣ ከማሽኑ ጋር ትቻቸው ነው የሄድኩት። ስመለስ "ዘነቡ፣ ቦርዱ አልቆለታል፣ አትልፊ። ለእኔ ስጪኝና ለመለዋወጫ ላድርገው" አሉኝ።

አለቀለት ያሉት ቦርድ በማግስቱ እንዴት በራ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ትክክለኛ ፊውዝ ገዝቼ አስገባሁ። በራ! ቁጥሮቹ ግን ዝብርቅርቃቸው ወጥቷል። ቦርዱ ላይ ያረጀ ባትሪ አፍስሶ አረንጓዴ ዝገት ሠርቷል። ባትሪውን አወጣሁና በአቼቶና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ቁጥሮቹ ተስተካከሉ። እኔ ነኝ! እኔ ዘነበች፣ አምፖል መቀየር የሚያስፈራኝ!

የግራው ክንፍ ይመታል። የቀኙ አይንቀሳቀስም። ከቁልፉ በታች ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ሲነካኩ ነው መብራቱ የሚያልፈው። ጥቁር ብለዋል። በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጌ አሸሁ። ቀኙም ጠቅ አለ። ደካማ ነው፣ ግን ጠቅ አለ።

"መኬ፣ ና ሞክረው!" አልኩት። 

ከአልጋው ሳይነሳ "ነገ" አለ። 

ስለ ብርማው ወረቀት ብጠይቀው "እንጃ" አለ። ሃያ ዓመት ማሽኑን የከፈተ ሰው እንጃ ይላል?

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ቀኙ እንደገና ሞቷል።

ከመጫወቻው ሥር፣ ክንፉን የሚስበው የመዳብ ጥቅል አለ፤ ኮይል ይሉታል። ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ተንጠልጥሏል። በመነቃነቅ የተበጠሰ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ነበር። ግን የእኔ ሥራ ምንድን ነው? ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ጨርቅ ላይ ጉድለት መፈለግ። የተበጠሰ ጫፉ ይሳሳል፣ ይንጨባረራል። የተቆረጠ ደፍጠጥ ይላል። ይህ ሽቦ ተቆርጧል፤ ያውም ሁለት ሦስት ጊዜ ተነክሶ።

"ዛሬ ማን መጣ?" አልኩ።

"ማንም" አለ መኮንን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ጎረቤቴ እታገኝ እኔ ስሠራ አልፎ አልፎ ብቅ እያለች የምታየው እሷ ናት። ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። "ጋሽ ለገሰ ረፋድ ላይ መጥተው ከመኮንን ጋር ብዙ አወሩ እኮ፤ ምነው?" አለች።

ምንም አልኳት። ግን ባሌ ለምን ይዋሸኛል? ሰውየው ምን ብለው አፉን አስያዙት?

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ስታኞ የሚሉትን ቀላጭ ሽቦ በመኮንን መበየጃ አቅልጦ ማያያዝ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስታኞውን የገዛሁት ከራሳቸው ከጋሽ ለገሰ ነው፤ ሆን ብዬ፣ ፊታቸውን ለማየት። 

"ምን ሊያደርግልሽ?" አሉ።

"የተቆረጠ ሽቦ አለኝ።"

ዓይናቸውን ሰበሩ። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ደግሞ ከእኛው ማሽን ኮይል ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኮይል ተቀምጧል። ቁርጥ እሱን! 

"ይሄ ከየት መጣ?" 

"መኮንንን ጠይቂው" አሉና ሬዲዮአቸው ላይ አቀረቀሩ።

እቤት ገብቼ ጠየቅኩት። "ድሮ የሰጠሁት ትርፍ ነው" አለኝ። ድሮ መቼ? "ድሮ።"

አውራ ጣቴን አቃጠልኩ። አንደኛው ሙከራ እንደ አተር ተንከባሎ ወደቀ። ሁለተኛው ያዘ መስሎኝ ሳብ ባደርገው ተላቀቀ። ሦስተኛው ያዘ። ቀኙ መታ፣ ከማክሰኞም በርትቶ። መኮንን አየ፤ ደስ ያለው አልመሰለኝም። "ጥሩ ነው፤ ነገ እሞክረዋለሁ" አለ። ሁልጊዜ ነገ።

ዓርብ፣ የካቲት 10

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ከማሽኑ ክዳን እስከ እግሩ አንድ ነጭ ክር አሰርኩ። ቀጭን ነው፣ ላላወቀ ሰው አይታይም።

ስመለስ ክሩ ተበጥሷል። ሽቦውም ተቆርጧል፤ እኔው ያያያዝኩት ቦታ ላይ።

እታገኝ ገበያ ሄዳ አንድ ሰዓት ያህል ቤቷ አልነበረችም። መኮንን "ተኝቼ ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አላሰብኩም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀጥ ብዬ ወደ በሰቃ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። "አንተ ሌባ!" አልኩት። "የታመመ ጓደኛህ ተኝቶ ቤቱ ገብተህ ሽቦ ትቆርጣለህ? ማሽኑን በግድ ልትወስደው ነው?" በሕይወቴ አንተ ብዬው አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይም "አሉ" ብዬ አልጽፍለትም።

መነጽሩን አወለቀ። "ዘነበች፣ ከጠዋት ጀምሬ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም" አለ።

ቴፕ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰው "እውነታቸውን ነው፤ እኔም ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ" አለ። እሱንም አላመንኩትም። ተስማምተው ይሆናል አልኩ። ግን እንዴት ይስማማሉ? እንደምመጣ ማን ነገራቸው?

እሱ ካልሆነ ማን ነው? እታገኝ? ምን ይጠቅማታል? ወደ ቤት ስመለስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ፒንሳ የያዘ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11



ትናንት ሽቦውን መልሼ አያይዣለሁ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁና በጓሮ በኩል ቀስ ብዬ ገባሁ። ውስጥ የብረት ድምፅ አለ። በሩን ገፋሁት።

መኮንን ነው።

ቆሟል። ከዘራው አልጋው ጋ ነው፤ እሱ ከአልጋው ስድስት እርምጃ ርቆ በዳሌው ማሽኑን ተደግፏል። የማሽኑን ከባድ ክዳን በትከሻው ደግፎ ይዟል። በግራ እጁ ፒንሳ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ንዴት ነው። "አንተ ነህ? በአንተ የተነሳ ሰው ሰደብኩ! ለምን?"

ፒንሳውን ጣለው። ሲናገር ምላሱ አሁንም ይከብደዋል፤ ዛሬ ግን አንድ ቃል አላመለጠኝም። "ከተሠራ ትጠሪኛለሽ፤ ከጠራሽኝ እመጣለሁ። ቁልፉ ላይ ጣቴን አሳርፌ አልጫን ቢለኝስ? አሁን 'ይሻለዋል' ትያለሽ። ያን ቀን እኮ እንደማይሻለኝ ሁለታችንም እናውቃለን።"

ለካ ለገሰንም የለመነው እሱ ነው። "ቦርዱ አልቋል በላትና ውሰድልኝ፣ ዓይኔ ሥር አይቁም" ብሎት። ረቡዕ ዕለት ሰውየው የመጣው "ይህቺ ሴት እየለፋች ነው፣ እውነቱን ንገራት" ሊለው ኖሯል። ብርማውን ወረቀት የጠቀለለው ራሱ መኮንን ነው፤ ክበብ እያለ ፊውዝ ያለቀበት ቀን። ኮይሉም የምር ትርፍ ነበር።

ተቀመጥኩ። እሱ ግን እንደ ቆመ ነው። ቆይቶ ነው ሁለታችንም ያስተዋልነው።

"መኬ፣ ከዘራህስ?" አልኩት።

አልጋውን አየ፣ እግሩን አየ። "ይዤው እንዳልመጣ፣ አንዱ እጄ ፒንሳ ይዟል" አለ።

ሳቅኩ። አለቀስኩም።

እሑድ፣ የካቲት 12

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጋሽ ለገሰ ቤት ሄድኩ። እንግዲህ መልሼ "አሉ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ይገባቸዋል። 

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። "ሌባ ማለትሽን ትቼዋለሁ፤ ተናደሽ ነው" አሉ። "አንተ ያልሽኝ ግን አላስተኛኝም። ያውም በደንበኛ ፊት።"

"ምን ላድርግ ጋሼ?"

"እዚያው ሱቅ መጥተሽ፣ በሰው ፊት ይቅርታ በይኝ።"

አልጠላኋቸውም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ግን ከአፋቸው "ይቅር ብዬሻለሁ" የምትል ቃል አልወጣችም። እስከ ነገ እንዴት ልደር?

ሰኞ፣ የካቲት 13

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሱቃቸው ሄድኩ። ባለ ቴፑ ሰውዬ የለም። ከዓርብ ዕለት ደንበኞች አንድም የለም። የማያውቁኝ አራት ሰዎች ፊት ቆሜ "ጋሽ ለገሰን ባላደረጉት ነገር ሌባ ብያቸዋለሁ፣ በድያለሁ" አልኩ። አንዷ ሴትዮ "ምን ሰርቀው ነው?" ብላ ጠየቀች። ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት ሆነ! ኮይሉ ላይ ስደርስ ጋሽ ለገሰ ራሳቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። "በቃ፣ በቃሽ ልጄ" አሉ። ሱቁን ዘግተው ከእኔ ጋር መጡ።

አንድ የምር ጉድለት ይቀራል። ማሽኑ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ሲሞቅ ይጠፋል። ጋሽ ለገሰ ሶኬቱን ነቅለው ቦርዱን አወጡና ጀርባውን እንዳይበት አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። "ፈልጊ። ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል።" ፈለግኩ። ከብዙ የስታኞ ነጠብጣቦች መካከል አንዷ ዙሪያዋን ተሰንጥቃለች፤ ፀጉር የምታክል ቀለበት። ሲሞቅ ትለያያለች፣ ሲበርድ ትገናኛለች። "እሷ ናት" አሉ። "አንቺው አያይዣት።" አያያዝኳት። በአንድ ሙከራ!

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አልጠፋም።

መኮንን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያየን ቆየ። እኔም ና አላልኩትም፤ ከቅዳሜ ጀምሮ አንድም ቀን አልጠራሁትም። ጋሽ ለገሰን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሳ። "ሁለታችሁም ውጡልኝ" አለ። "በሩንም ዝጉት።"

ወጣን። ደጅ ጋሽ ለገሰ ሲጋራ አውጥተው ሳይለኩሱት ያዙት። ብዩ ሲወረወር ሰማን። የግራው ክንፍ መታ። የግራው። ብዩ ወደቀ። ዝም። ሁለተኛው ተወረወረ። ግራ፣ ግራ፣ ወደቀ። ሦስተኛው። ረጅም ዝምታ። ከዚያ አንድ ጠቅ።

"የቀኙ ነው!" አልኩ።

ጋሽ ለገሰ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠግተው "እንጃ ልጄ፤ የግራው ይመስለኛል" አሉ።

ሲወጣ ግንባሩ አልቦታል። ከዘራውን ይዟል። "ራበኝ" አለ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የትኛው ክንፍ እንደ መታ አልጠየቅኩትም። እራት አቀረብኩ፤ ሦስታችንም በላን።